«ቀልድ ነው» የምንለው ቃል ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?



ባለፈው ዓመት አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ስንቀበል እኔ አስተናጋጅ ሆኜ በር ላይ ቆሜ ነበር። ከመተከል የመጣ አንድ ወንድም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ገባ። መልኩ ጥቁር ነው፤ እኛ ቡሬ ላይ «ጥቁር» ስንል ከምናስበው ሰው በላይ ጥቁር። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስሙን ነገረኝ። እኔ ግን ሻንጣውን እየተቀበልኩ ወደ ውስጥ ዞሬ «ቢላል መጣ! ሙአዚን አገኘን!» ብዬ ጮኽኩ። ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዶርም፣ በካፌ ሰልፍና በመስገጃው ቦታ ስሙ ቢላል ሆነ። አዛን እንዲያደርግም ማንም ፈቃዱን ሳይጠይቅ ተመደበ።

በሁለተኛው ሴሚስተር ከፕሮግራሞቻችን መቅረት ጀመረ። ጁምዓንም ብቻውን ከተማ ወርዶ ይሰግድ ነበር። አንድ ቀን ከዶርሙ በር ላይ አግኝቼው «ምን ሆነህ ነው የጠፋኸው?» አልኩት። ብዙ አልተናገረም። «በመጀመሪያው ቀን ስሜን ነግሬህ ነበር» አለኝና ገባ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ በሶሓባ ስም የጠራሁት አክብሬው ነበር ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ። ግን እውነቱን አላህ ያውቃል፤ ቢላል ያልኩት ስለ ጽናቱ አልነበረም፤ ስለ ድምፁም አልነበረም፤ ገና ድምፁን አልሰማሁም ነበር። ያልኩት ስለ ቆዳው ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚደርስ ትንንሽ ንቀት ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ ያገኘሁትን ለእናንተ ለማካፈል ነው።

እኛ ዘንድ ምን ዘረኝነት አለ?

«ዘረኝነት የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ ሁላችንም ጥቁሮች አይደለንም እንዴ?» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። እስቲ የምንናገረውን አማርኛ እናዳምጠው። ሰውን በመልኩ ስንለይ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እንላለን። «ጥቁር ናት፤ ግን ቆንጆ ናት» ሲባል «ግን» የምትለዋ አንዲት ቃል ሁሉንም ትናገራለች። ከእነዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ሁለት ከባድ ቃላት አሉ፤ «ሻንቅላ» እና «ባሪያ»።

ሻንቅላ የአንድም ብሔረሰብ ስም አይደለም። ጉሙዙ ራሱን ጉሙዝ፣ በርታው ራሱን በርታ ይላል። ሻንቅላ ደገኛው በምዕራብ ቆላ ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች በጅምላ ያወጣው ስም ነው። ከስሙ ጋርም የባርነት ታሪክ ተያይዟል።

ይህ ታሪክ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ቡሬ ከደጋው ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቡብ ጎጃም የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ ከእናርያና ከሌሎች የጊቤ አገሮች የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና ባሮች ይዘው የሚደርሱበት ትልቅ ገበያ ነበር። ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ይሄዱ ነበር። በመተከል በኩል ደግሞ የጉሙዝ መንደሮች ከደጋ ለሚወርድ ባሪያ ፈንጋይ የተጋለጡ ነበሩ። የታሪክ ተመራማሪው አብዱሰመድ አሕመድ የቤላ ሻንጉልንና የጉሙዝን የባሪያ ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1938 ድረስ ተከትለው አጥንተውታል። ይህ የእኛ ቅድመ አያቶች ዘመን ነው።

አንድ ነገርም ሳንሸሽግ እንናገር። ፍትሐ ነገሥት ክርስቲያን ባሪያ እንዳይሸጥ ይከለክል ስለነበር በንግዱ ውስጥ በብዛት የገቡት ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። ባሪያ ገዝቶ በቤቱ ያሳደረው ግን ከሁለቱም ወገን ነው። ስለዚህ «ይህ የእነሱ ኃጢአት ነው» ብለን የምናልፈው ታሪክ አይደለም።

በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት ዓመት ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት ዐዋጅ ወጣ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በሕግ ጨርሶ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፏል። ባርነቱ ቀረ፤ ቃሉ ግን አልቀረም። በጣና ዳር በዘጌ የቡና ደን ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ባሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ነጻ ከወጡ በኋላም በጋብቻ ተለይተው እንደኖሩ ተጽፏል።

እኔም ባደግኩበት ገጠር አይቼዋለሁ። በመንደራችን ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሲኖር ውኃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትሸከም አንዲት ሴት ነበረች። ሥራው ሲያልቅ ከሴቶቹ ጋር አትቀመጥም፤ ጓዳ በር ላይ ትበላለች። ልጅ ሆኜ እናቴን «እሷን ለምን ማንም አያገባትም?» ብዬ ጠየቅኳት። እናቴ ደንግጣ «ዝም በል፣ ትሰማሃለች!» አለችኝ። ያቺ ሴት ግን እኔ ከመወለዴ በፊት ሰምታዋለች። የእኛ ሽማግሌዎችም ለኒካሕ ሲቀመጡ «ሰላት ይሰግዳል ወይ?» ከማለታቸው በፊት «አጥንቱ እንዴት ነው?» ብለው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ።

እኛ የጎጃም ሙስሊሞች ደግሞ የንቀትን ጣዕም የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። እስከ 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ድረስ አያቶቻችን ርስት አልነበራቸውም፤ ኑሯቸው ሽመናና ንግድ ነበር። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አውጀዋል፤ የእኔ አያት ግን ከዚያ ከስልሳ ዓመት በኋላም በገበያ መሃል ቃሉን ሰምቷል። ታዲያ ንቀትን የቀመሰ ሰው ንቀትን ይጠላል ብዬ አስብ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ብዙ ጊዜ የተናቀ ሰው ከሱ በታች የሚያደርገው ሌላ ሰው ይፈልጋል። እኛም «ሸማኔ» ሲሉን ተቆጥተን፣ ዞር ብለን «ባሪያ» እንላለን።

ትንሽ ነገር ሲደጋገም

የሜካኒካል ተማሪ ስለሆንኩ ከማውቀው ልጀምር። ከቡሬ ወደ ገጠር ቀበሌዎች እየተመላለሰ እህል የሚጭን ኢሱዙ ባሌስትራው ተሰብሮ መንገድ ዳር ሲቆም አይታችሁ ይሆናል። ሹፌሩ ጭንቅላቱን ይዞ «ዛሬ እኮ ግማሽ ጭነት ነው የጫንኩት!» ይላል። እውነቱን ነው። ባሌስትራውን የሰበረው የዛሬው ጭነት አይደለም። በየቀኑ በኮረኮንቹ ላይ ያለፈው እያንዳንዱ ንዝረት በብረቱ ውስጥ ለዓይን የማትታይ ስንጥቅ ከፈተ፤ ቀጣዩ ንዝረት ስንጥቋን ትንሽ አስረዘማት። አንድ ቀን ባዶውን ቢሄድም ይሰበር ነበር።

በትምህርታችን ይህን «ፋቲግ» እንለዋለን፤ የብረት ድካም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ ኦጉስት ቮለር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ የባቡር ጎማ አክሰሎች በቀላሉ ሊሸከሙት በሚችሉት ክብደት ለምን እንደሚሰበሩ መረመረ። ያገኘው መልስ ግልጽ ነበር፤ ብረቱን የሚጎዳው የጭነቱ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን ድግግሞሹም ነው።

ሰው ብረት አይደለም፤ ይጠገናል፣ ይታገሣል፣ ዱዓ ያደርጋል። ነገር ግን የሰውም አካል ድግግሞሽን ይቆጥራል። እንዴት እንደሆነ እንይ።

ለሱብሒ ስትወጣ በጨለማ ጅብ ቢገጥምህ አእምሮህ ሳታስብ ትእዛዝ ይሰጣል። ከኩላሊትህ በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ይለቃሉ። ልብህ ይመታል፣ የደም ግፊትህ ይጨምራል፣ ጉበትህ ስኳር ወደ ደም ያፈሳል፣ ሆድህ ምግብ መፍጨቱን ያቆያል። ይህ ሁሉ ሮጠህ ወይም ታግለህ እንድትተርፍ አላህ የሰጠህ ጸጋ ነው። ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ችግሩ ጅቡ የማይሄድ ሲሆን ነው። ሰው ሲዋረድም ይኸው የማስጠንቀቂያ ደወል ይደወላል፤ አካል የጥርስንና የቃልን ልዩነት ብዙ አይለይም። ቃሉ ጠዋት በዶርም፣ ቀን በክፍል፣ ማታ በካፌ ከተደገመ ደወሉ አይጠፋም። ብሩስ ማክዌንና ኤሊዮት ስቴላር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን የተጠራቀመ ልብሰት «አሎስታቲክ ሎድ» ብለው ሰየሙት፤ አካል ዘወትር ለአደጋ ሲዘጋጅ የሚከፍለው ዋጋ ማለት ነው። ዋጋው በደም ግፊት፣ በስኳር፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በሽታን በመከላከል አቅም መድከም፣ በጭንቀትና በድባቴ ይከፈላል።

በአሜሪካ ጥቁሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን በደንብ ያሳያሉ። አርሊን ጄሮኒመስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። በነጮቹ ዘንድ ከሃያ ዓመት በላይ ያሉ እናቶች የሚወልዷቸው ልጆች ከአሥራዎቹ ዕድሜ እናቶች ልጆች የተሻለ ጤና ነበራቸው። በጥቁሮቹ ዘንድ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር፤ እናትየዋ ዕድሜዋ ወደ ሃያዎቹ ሲገባ ለሕፃኑ ያለው አደጋ ጨመረ። ጄሮኒመስ ያቀረቡት ማብራሪያ፣ ጭቃ ግድግዳ በዝናብና በፀሐይ እንደሚራቆተው የእነዚህ ሴቶች አካል በየዕለቱ በሚደርስበት ጫና ያለ ዕድሜው ያረጃል የሚል ነው።

ዴቪድ ዊልያምስ የተባሉ ሌላ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 የዕለት ተዕለት አድልዎን የሚለካ መጠይቅ አወጡ። መጠይቁ ስለ ድብደባና ስለ እስር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትንንሹን ነው፤ ሰዎች ከሌላው ያነሰ አክብሮት ይሰጡሃል ወይ? ምግብ ቤት ስትገባ መስተንግዶው ያንስብሃል ወይ? ሰዎች አእምሮህ ደካማ እንደሆነ አድርገው ይቆጥሩሃል ወይ? ይፈሩሃል ወይ? ከዚያ ወዲህ በዚህ መለኪያ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ለእነዚህ ጥያቄዎች «ብዙ ጊዜ» ብለው የሚመልሱ ሰዎች ዘንድ የእንቅልፍ ችግር፣ ድባቴና የደም ግፊት ጎልቶ እንደሚታይ አሳይተዋል። የተናቀ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ለበሽታ ያለው ተጋላጭነት ግን ይጨምራል።

ጥናቶቹ የአሜሪካ ናቸው። ልብና ኩላሊት ግን በአሜሪካም በፍኖተ ሰላምም አንድ ናቸው። ባለፈው ክረምት ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሚኒባስ ስሳፈር የሆነውን ልንገራችሁ። ረዳቱ ሁላችንንም «ወንድሜ»፣ «እናቴ» እያለ ሲያስገባ አንዱን መንገደኛ ግን «አንተ ጥቁሩ፣ ወደ ኋላ!» አለው። አጠገቡ የነበረችው ሴት ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳበች። አንድ ልጅ ደግሞ ጣቱን ቀስሮ ለአባቱ አሳየው፤ አባትየው ፈገግ አለ። ሦስት ነገር፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ። አንዳቸውም ፖሊስ ጋ የሚያስሄዱ አይደሉም። ሰውየው ግን ነገም ይሳፈራል፤ ከነገ ወዲያም።

ታዲያ ለምን ይስቃል?

«እሱ ራሱ ይስቅ ነበር እኮ!» የሚለው ክርክር የእኔም ነበር። አሁን ግን ሳቁ ሦስት ሸክም እንደሚደብቅ ተረድቻለሁ።

የመጀመሪያው መጠበቅ ነው። በተደጋጋሚ የተነካ ሰው ማንም ሳይናገረውም «ዛሬ ደግሞ ማን ምን ይለኝ ይሆን?» እያለ ይገባል። የት እንደሚቀመጥ፣ ድምፁን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ፣ ምን እንደሚለብስ ያሰላል። ስለዚህ ማንም ምንም ባላለበት ቀን እንኳ ደወሉ እንደተደወለ ነው።

ሁለተኛው እርግጠኛ አለመሆን ነው። የቡድን ሥራ ሲከፋፈል ማንም ካልመረጠው፣ አስተማሪው እጁን አይቶ ካለፈው፣ «በመልኬ ነው ወይስ እንዲሁ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ግልጽ ስድብ ቢሆን ይቆጣና ይወጣለታል። ያልታወቀ ነገር ግን አእምሮ ውስጥ ይመላለሳል። ለፈተና የሚያስፈልገው ጉልበት በዚህ ያልቃል።

ሦስተኛው መዋጥ ነው። ቢቆጣ «ቀልድ አያውቅም»፣ «ቁጡ ነው» ይባላል፤ እንዲያውም «እነሱ እኮ እንደዚህ ናቸው» ይባላል። ስለዚህ ይስቃል። ሳቁ ፈቃድ አይደለም፤ ከእኛ ጋር ለመቆየት የሚከፍለው ክፍያ ነው። አንድ ቀን መክፈል ሲደክመው ይቀራል። እኛም «ኢማኑ ደክሞ ነው» እንላለን።

ከዚህም የሚብስ አለ፤ ሰው የተነገረውን ማመን ሲጀምር። ኬኔትና ሜሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት ለትንንሽ ጥቁር ልጆች ነጭና ቡናማ አሻንጉሊት እያሳዩ «ጥሩዋ የትኛዋ ናት?» ብለው ጠየቁ። አብዛኞቹ ነጯን አነሡ። «አንቺን የምትመስለውስ?» ሲባሉ አንዳንዶቹ አለቀሱ። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልጆችን በቀለም ለይቶ ማስተማርን ሕገ ወጥ ሲያደርግ ከጠቀሳቸው ጥናቶች አንዱ ነው። በእኛም ዘንድ ከእህቶቻችን አንዳንዶቹ ፊት የሚያቀላ ክሬም የሚቀቡት ከዚሁ የተነሣ ነው። ከእነዚህ ክሬሞች በርካቶቹ ሜርኩሪ ይገኝባቸዋል፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። «ቀይ ብትሆኚ ኖሮ...» የሚለው ቀልድ መጨረሻው ኩላሊት ላይ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

ባሕር ስንሻገር

ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ ወደ ሪያድ፣ ወደ ጅዳና ወደ ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት የሄደች እህት የሌለው ቤት አሁን ጥቂት ነው። ሲደውሉ ከሚያለቅሱበት ነገር አንዱ «ዐብድ» ወይም «ዐብዳ» እየተባሉ መጠራታቸው ነው። ዐረብኛ የተማርን ሁሉ ትርጉሙን እናውቀዋለን፤ ባሪያ ማለት ነው። ከአላህ ጋር ሲያያዝ ከስሞች ሁሉ የከበረው ቃል በጥቁር ሰው ላይ ሲወረወር ስድብ ይሆናል። እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያንም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር ሲሰሙ በሺሕ የሚቆጠሩት አደባባይ ወጥተዋል።

ስለ እህቶቻችን ስንሰማ ደማችን ይፈላል። ልክ ነው። ግን ያችው ቃል በአማርኛ ከእኛ አፍ ስትወጣ ለምን ቀልድ ትሆናለች? እህቴ በስልክ ያለቀሰችበትን ቃል እኔ በዶርም ውስጥ ስስቅበት ነበር።

ዲናችን የት ቆሟል?

ይህን ለእናንተ መንገር «ለቀባሪው አረዱት» ነው፤ መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ግን የምናውቀውን እንደገና እንየው። አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ነቅፎ ሰደበ፤ በአንዳንድ ዘገባዎች ያ ሰው ቢላል (ረ.ዐ) ነው፤ ስድቡም «የጥቁር ሴት ልጅ» የሚል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ቀልድ ነው፣ እለፉት» አላሉም። አቡ ዘር ውስጥ ገና የጃሂሊያ ባሕርይ እንደቀረ ነገሩት። አስቡት፤ አቡ ዘር ከቀደምት ሙስሊሞች አንዱ ነው፣ ዛሂድ ነው፣ ስለ እምነቱ የተደበደበ ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ውስጥ ከቀረ በእኔ ውስጥ አለመቅረቱን ማን ነገረኝ?

ቡኻሪ ይህን የዘገቡበት ሁኔታ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያስተምራል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሰዎች አቡ ዘርን ሲያገኙት እሱና አገልጋዩ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ነበር። ለምን ብለው ሲጠይቁት ያን ቀን የሆነውን ነገራቸው። አቡ ዘር ተጸጽቶ ዝም አላለም፤ ልብሱን ቀየረ። ተውባው በዓይን የሚታይ ነበር።

መካ በተከፈተች ቀን ቢላል በከዕባ ላይ ወጥቶ አዛን ሲያደርግ ከመካ ሹማምንት በመልኩ ያሽሟጠጡ ነበሩ። በሱረቱል ሑጁራት ሰዎች የተከፋፈሉት እንዲተዋወቁ መሆኑን፣ አላህ ዘንድ የሚከበረውም በተቅዋ የበለጠው መሆኑን የሚናገረው አንቀጽ የወረደው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ከተፍሲር ሊቃውንት የተናገሩ አሉ። ከዚያው ሱራ ሁለት አንቀጽ ቀደም ብሎ ደግሞ መሳለቅና በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራት ተከልክሏል። ሁለቱ ጎን ለጎን መምጣታቸው ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የዘር ኩራት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቅጽል ስም ነው።

የነቢዩን መስጂድ የምትጠርግ አንዲት ጥቁር ሴትም ነበረች። ስትሞት ሶሓቦች ነገሩን ቀላል አድርገው በሌሊት ቀበሯት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን መጥፋቷን አስተውለው ጠየቁ፤ ለምን አልነገራችሁኝም አሉ፤ ወደ ቀብሯ ሄደውም ሰገዱባት። በእኛ ሠርግ ጓዳ በር ላይ ትበላ የነበረችውን ሴት ሳስብ ይህ ሐዲስ ይከብደኛል። እኛ መሞቷን እንኳ መቼ እንደሆነ አናስታውስም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሰውን በስሙ እንጥራ። በመልኩ የወጣ ቅጽል ስም የሶሓባም ስም ቢሆን ይቅር። ቢላል ብሎ ልጅን መሰየም ሱናን መውደድ ነው፤ ስም ያለውን ሰው ቢላል ማለት ስሙን መንጠቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ኃላፊነት ስናከፋፍል እናስተውል። ጥቁሩ ወንድም ሁልጊዜ አዛን፣ ሁልጊዜ ወንበር መደርደር፣ ሁልጊዜ ሳሕን ማጠብ የሚደርሰው ከሆነ፣ ዳዕዋ ማቅረብና ስብሰባ መምራት ግን ለሌላው ከሆነ፣ በአፋችን ያላልነውን በድርጊታችን ብለነዋል። የዘንድሮውን የሥራ ድልድል ዝርዝር ኮሚቴው ወስዶ ይየው።

ሦስተኛ፣ ስንሰማ ዝም አንበል። መጣላት አያስፈልግም። «ስሙ እኮ እንትና ነው» ብሎ ማረም ይበቃል። የተነካው ሰው ራሱ ሲናገር «ተቆጣ» ይባላል፤ ያልተነካው ሲናገር ግን ቀልዱ ይቆማል። ብቻውን እንዳልሆነ ያወቀ ሰው ጫናውን የመቋቋም አቅሙ ይጨምራል፤ ይህም በጥናት የታየ ነው።

አራተኛ፣ አንድ ወንድም ወይም እህት «ይህ ነገር ጎዳኝ» ሲል «አይ፣ እንደዚያ ለማለት ፈልገው አይደለም» ብለን አንቅደም። መጀመሪያ እንስማ። ያለመታመን ከስድቡ እኩል ያማል። እንቅልፍ ያጣ፣ ትምህርት ያስጠላው፣ ከሰው የራቀ ካለም ወደ ግቢው ክሊኒክ አብረነው እንሂድ። ሐኪም ዘንድ መሄድ የኢማን ድክመት አይደለም።

አምስተኛ፣ ነገ የምናገባውና የምንድረው እኛ ነን። ሽማግሌ ስንልክ «አጥንቱ» የሚለውን ጥያቄ ከእኛ ትውልድ ካላስቀረነው ማን ያስቀረዋል? የ1934ቱ ዐዋጅ ባርነትን አቁሟል፤ የሠርጋችንን ጥያቄ ግን ዐዋጅ አያቆመውም፤ የምናቆመው እኛ ነን።

በመጨረሻም ስለዚያ ወንድም። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ብቻውን ሳይሆን ስሙን በቀየርኩበት ቦታ፣ በሰማው ሰው ሁሉ ፊት። «አላህ ይማርህ» አለኝ። ወደ ፕሮግራማችን ግን ወዲያው አልተመለሰም፤ እኔም አልጎተጎትኩትም። የተሰነጠቀ ብረት ጭነቱን ስላወረድክለት ብቻ ስንጥቁ አይዘጋም፤ ሰው ግን በአላህ ፈቃድ ይጠገናል፤ ጊዜ ይፈልጋል። ባለፈው ጁምዓ ኋለኛው ሰፍ ላይ አየሁት። ከሰላት በኋላ በስሙ ጠራሁት። ዞር አለ።

ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ የምትጠሩት አንድ ሰው ካለ፣ ዛሬውኑ በስሙ ጥሩት።

አላህ ልቦቻችንን ከጃሂሊያ ቅሪት ያጥራልን። አሚን።